ማታ አባቴ መታ

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ማንበብ ደግሞ ይቸግረኛል። ሁለቱ አብረው ሲነገሩ ሳቅ የሚመጣባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ፤ እጠብቃችኋለሁ። ሲሳቅብኝ ነው የኖርሁት፣ ለምጄዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን በእኔ ስለተሳቀው ሳቅ ብቻ አይደለም። አንዲት ፊደል አንድን አባት ለፖሊስ አሳልፋ ልትሰጥ ስለነበረችበት ቀን ነው። ይኸው ስንት ጊዜ አልፎት እንኳ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ያደግሁትም የማስተምረውም ዳንግላ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ለ፣ ሰ እና በ ለእኔ ባሉበት አይቆሙም። ለበሰ ብዬ ልጽፍ እነሳና ሰለበ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በሰለ የሚለውን ለበሰ ብዬ አነበዋለሁ። ሁለተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ፣ አራተኛን ሁለት ጊዜ ተምሬአለሁ። አንዱ መምህራችን ሰሌዳው ፊት አቁሞኝ «የዚች ልጅ ጭንቅላት የያዘው አተላ ነው» ብሎ ክፍሉን ሙሉ አሳቀብኝ። ለእናቴ አልነገርኋትም። ብነግራት ኖሮ ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ ታንቀው ነበር። እናቴ የቆሰበር፣ የዛሬው እንጅባራ፣ አካባቢ ልጅ ናት፤ አገውኛዬንም ቁጣዬንም ያወረሰችኝ እሷው ናት።

ዓይኔ እንቢ ሲለኝ ፊደልን በጆሮዬና በጣቴ ያዝሁት። አንድ ቃል ሲነገር ጭኔ ላይ በጣቴ እጽፈዋለሁ፣ በአፌ ቀስ ብዬ እለዋለሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ወረቀት የማወርደው። ሌላው ሰው ቃልን እንደ ጉርሻ ይውጠዋል፤ እኔ እንደ ቆሎ አንድ በአንድ ነው የማኝከው። እንዲህ እያልሁ መምህራን ኮሌጅ ደረስሁ። «የትኛውን ትምህርት ትመርጫለሽ?» ስባል «አማርኛ» አልሁ። እልህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ ግን ችግሬን ለአንድም ነፍስ አልተናገርሁም። በማግስቱ የማስተምረውን ምንባብ እህቴ በስልክ በድምፅ ትልክልኛለች፤ ደጋግሜ ሰምቼ በቃሌ እይዘዋለሁ። ክፍል ገብቼ መጽሐፉን ገልጬ «አነባለሁ»። የሚያመጡልኝን ወረቀት ሁሉ አየት አድርጌ እፈርማለሁ። ማንም አላወቀብኝም። ሁለት ዓመት እንዲህ ሌባ መስዬ ኖርሁ።

ያን ቀን ማክሰኞ ነበር፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ። አራተኛ ክፍል ቆሜ «ትናንት ቤታችሁ የሆነውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ብዬ አዘዝሁና ለምሳሌ ያህል ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ። ገና ጠመኔውን ሳላስቀምጥ በሩ ተከፈተ። ርዕሰ መምህራችንና ከእንጅባራ የመጣ ሱፐርቫይዘር። ሱፐርቫይዘሩን አቶ መኩሪያ እንበለው። እንደሚመጣ የነገረን የለም። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አወጣ፣ ሰሌዳውን አየ፤ ከዚያ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«መምህርት፣ እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልን።»

«እናቴ ነጭ ቀሚስ ለበሰች» አልሁ በልበ ሙሉነት።

«የጻፍሽውን ነው ያልሁሽ!» አለና ራሱ ጮኾ አነበበው። «እናቴ ነጭ ቀሚስ ሰለበች! ኧረ ለመሆኑ እናትሽ ቀሚሱን በምን ሰለበችው?»

ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እሱ ስለሳቀ ሳቁ። ርዕሰ መምህሩ መሬት መሬት ያያል። በቁሜ ሞትሁ። አቶ መኩሪያ ልጆቹ ጽፈው እስኪጨርሱ ተቀምጦ ጠበቀና ከየጠረጴዛው ደብተር ሰብስቦ፣ «ይህን ቢሮ እናየዋለን» ብሎ ወጣ። ሰሌዳውን በእጄ ጠረግሁት፤ ዳስተሩ የት እንዳለ እንኳ አልታየኝም።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተጠራሁ። ስለ ቀሚሱ መስሎኝ ገባሁ። አይደለም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ተዘርግቷል፤ ከጠረጴዛው ፊት ተማሪዬ ብርቄ ቆማለች። ብርቄ ዓምና ከእንጅባራ ወዲያ ካለ ገጠር ከእናቷ ጋር የመጣች ልጅ ናት። እስከ ሦስተኛ ክፍል የተማረችው እዚያው በአገውኛ ነው፤ አማርኛው ገና አፏ ላይ አልተገራም። አባቷ ለሥራ ቆላ ወርዶ እንደቀረ ነበር የምናውቀው።

አቶ መኩሪያ ደብተሩን አንስቶ አነበበልኝ። «ማታ አባቴ መታ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ተደበኩ።»

ክው አልሁ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ እኔም አመንሁ። ልጅ የሚመታ አባት፣ ሚስቱን የሚያስለቅስ ባል ሲጠየቅ ማየት ለእኔ ደስታዬ ነው። «አይ ያ ሰውዬ! መምጣቱ ለዚህ ነው?» አልሁ በሆዴ።

ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት። «ብርቄ፣ አትፍሪ። ማታ አባትሽ መታ?»

«አዎ፣ መታ» አለች።

«እናትሽስ?»

«አለቀሰች።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«አልጋ ሥር ተደበኩ» አለችና ፊቷን በክንዷ ሸፈነች።

«በቃ!» አለ አቶ መኩሪያ ጠረጴዛውን መትቶ። «ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ጥበቃውን ላኩና ሰውየውን አስመጡት። ቃለ ጉባኤ ይዘን ለፖሊስ እናስረክበዋለን። ዝም ካልን ነገ የምንጠየቀው እኛ ነን።»

ጥበቃው ሄደ። እኔን ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ልጅቷ ፊቷን ስትሸፍን አይቻታለሁ። እየሳቀች ነበር። አባቷ እናቷን ሲመታ ያደረች ልጅ እንዲህ አትስቅም። ደብተሩን ሳብሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ፤ እንደ ልማዴ በጣቴ፣ አንድ በአንድ። መ። ታ። ማንን መታ? አልጻፈችም። ገጹን ወደኋላ ገለጥሁ። ከሳምንት በፊት የጻፈችው አለ፦ «እናቴ ቴፍ ገዛች።» ገለጥሁ። «ድመቷ ታሪያ ላይ ወጣች።» ገለጥሁ። «ተረጴዛ።»

ወደ «መታ» ተመለስሁ። እናቴ ስታወራ የኖረችው አገውኛ ውስጥ ጠ ብሎ ጉሮሮ ላይ የሚፈነዳ ድምፅ የለም፤ ያለው ተ ነው። ከገጠር አዲስ የመጣ ልጅ ጆሮው ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚሰማቸው። ብርቄ የጻፈችው የሰማችውን ነው። ማታ አባቴ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከቆላ መጣ! እናቴ በደስታ አለቀሰች። እኔ አፍሬ ተደበቅሁ። ርዕሰ መምህሩ «መታ ወይ?» ሲላትም የሰማችው «መጣ ወይ?» ብሎ ነው። ለዚያ ነው የሳቀችው።

ወይ ጉድ! ብዬ ብድግ ስል በሩ ተከፈተ። የብርቄን አባት፣ ስንሻውን፣ አመጡት።

እንዴት እንዳመጡት ልንገራችሁ። ጥበቃው አንድ የቀበሌ ጸጥታ ሰው ጨምሮ፣ ሰውየውን መሃል አድርገው፣ ግቢውን ሙሉ አቋርጠው ነው ያመጡት። የዕረፍት ሰዓት ነበር። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ባለጋሪዎች ሳይቀሩ አይተዋል። ስንሻው የመንገድ አቧራው ገና ከጫማው ያልወረደ ሰው ነው። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ምን አጠፋሁ ጌቶቼ?» አለ።

«ማታ ቤትህ ምን አደረግህ?» አለው አቶ መኩሪያ።

«እኔ? ገና ማታ መግባቴ ነው። ከቆላ።»

«በገባህበት ሌሊት ጀመርኸው ማለት ነው! ልጅህ መስክራብሃለች፤ እናቷን መትተሃል።»

ስንሻው ልጁን አየ። ያን አስተያየት ምነው ባላየሁት! ዘወር ብሎ በአገውኛ አንድ ነገር ሊላት አፉን ሲከፍት አቶ መኩሪያ ጮኸበት። «በአማርኛ ተናገር! እዚህ ልጅ ማስፈራራት የለም!» ብርቄ ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች። እሷ ስታለቅስ እነሱ ደግሞ ይበልጥ አመኑ። እናትየዋ እንዳትጠራ የባሏን መምጣት ለዘመድ ልታበስር በጠዋት ሚኒባስ ወደ እንጅባራ ሄዳለች፤ ስልኳ ተደወለ፣ ኔትወርክ የለም።

«ቆዩ» አልሁ። «መታ አይደለም፣ መጣ ነው። ልጅቷ ጠን ከተ አትለይም። በአገውኛ ልጠይቃትና እናንተ ስሙ።»

አቶ መኩሪያ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። «በማናውቀው ቋንቋ ልታስጠኛት? አንቺ ደግሞ! ለበሰን ሰለበ ብለሽ የምትጽፊ ሴትዮ፣ አሁን ደግሞ ስለ ፊደል ልታስተምሪኝ?»

ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞርሁ። እሱ ያውቀኛል፣ ያግዘኛል ብዬ። «እንግዲህ ሂደቱ ሂደት ነው…» ብሎ ብዕሩን መንካካት ያዘ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል! የጸጥታው ሰው ስንሻውን ክንዱን ያዘው።

እዚያ ላይ ነው ሕይወቴን ሁሉ የደበቅሁትን ነገር ያወጣሁት። አስቤበት አይደለም፤ ንዴት ነው ያወጣልኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የማስተምርዎት!» አልሁ። «ፊደል ይገለባበጥብኛል። ማንበብ ይቸግረኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ! የማስተምረውን ምንባብ እህቴ በስልክ እያነበበችልኝ ነው የማጠናው። አሁን ደስ አለዎት? በዚህ ምክንያት ነው ፊደል በፊደል የማነበው። እናንተ ሁለት ፊደል ስታዩ የቀረውን ከራሳችሁ ሞልታችሁ ዋጣችሁት። የገጠር ሰው፣ ማታ፣ ልቅሶ፤ በቃ መታ! ሰውየውን በደብተር አይደለም የፈረዳችሁበት፣ በቆቡ ነው!»

እንጀራዬን በገዛ አፌ እንደቆረጥሁት ገብቶኛል፤ ግን አንዴ ከወጣ ወጣ።

«የቃል ጽሕፈት እሰጣታለሁ» አልሁ። «በአማርኛ፣ ፊታችሁ።» ፈቃድ አልጠበቅሁም። ወረቀትና እርሳስ ለብርቄ ሰጠኋትና እንባዋን በነጠላዬ ጠረግሁላት። «ጻፊ፣ የእኔ እናት። ጤፍ።» ቴፍ። «ጣት።» ታት። «ተማሪ።» ተማሪ። «መጣ።» መታ። «መታ።» መታ። ወረቀቱን አንስቼ አቶ መኩሪያ ፊት አስቀመጥሁት። መጣም መታ፣ መታም መታ።

«ያው ደካማ ተማሪ መሆኗን ነው ያረጋገጥሽው» አለ። ድምፁ ግን ወርዷል።

ብርቄን ወደ እኔ ሳብኋት፣ መዳፏን አፌ ፊት አስቀመጥሁ። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፤ ፊደል አልይዝ ሲለኝ ራሴ ያወጣሁት ነው። «ስሚኝ። ተ። ትንፋሹ ነካሽ?» ራሷን ነቀነቀች። «አሁን። ጠ። ነካሽ?» ቆም አለች። እንደገና ደገምሁላት። ጠ ስትባል ትንፋሽ መዳፍ ላይ አይደርስም፤ ጉሮሮ ዘግቶ ይለቃታል። በራሷ አፍ ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ስንሻው ቆቡን ጨምድዶ ይመለከታል። ሰባተኛው ላይ ጠ! አለች። ራሷም ደነገጠች።

«አሁን በደንብ ስሚ። አባትሽ ማታ መታ?» እልሄን ዋጥ አድርጌ፣ ትንፋሼን መዳፏ ላይ ለቀቅሁት። «ወይስ አባትሽ ማታ… መጣ?»

ዓይኗ ፈጠጠ። አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቷን አየች። ያኔ ገባት፤ እስካሁን ሲጠይቋት የነበረው ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባት። «አይ! አልመታም!» ብላ ጮኸች። «መ… መጣ! ከቆላ መጣ! እናቴ እልል ብላ አለቀሰች!»

«ታዲያ ለምን ተደበቅሽ?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«አፈርኩ። ቲም አብቅሏል» አለች።

የጸጥታው ሰው ነበር ቀድሞ የሳቀው፤ የያዘውን ክንድ ለቀቀ። ስንሻው አልሳቀም። ልጁ ሮጣ ስትጠመጠምበት ቆቡ ከእጁ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ አላነሳውም።

ይቅርታ የጠየቀ ሰው የለም። «እንግዲህ ተጣራ፣ ይሂድ» ነው የተባለው። አንድ ሰው እንደ ሌባ በሁለት ሰው ታጅቦ ግቢ አቋርጦ መጥቶ፣ «ተጣራ፣ ይሂድ»!

አቶ መኩሪያ ተቀምጦ ሦስታችንን «ኮሚቴ» ብሎ ቃለ ጉባኤ ጻፈና ወደ እኔ ገፋው። «ፈርሚና ወደ ክፍልሽ።»

ብዕሩን አነሳሁ። እንደ ሁልጊዜው አየት አድርጌ ልፈርም ነበር። ከዚያ ተውሁት። ከእንግዲህ ምን የምደብቀው አለ? ወንበር ሳብሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ጣቴን መጀመሪያው መስመር ላይ አድርጌ ድምፄን አውጥቼ ማንበብ ጀመርሁ። በ። ዛ። ሬ። ው። ዕለት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያነበብሁ።»

«እኔ ላንብብልሽ።»

«አመሰግናለሁ፣ ራሴ አነባለሁ።»

አንድ ገጽ ተኩል ነበር። የእጅ ጽሑፉ ጥሩ አይደለም፤ ሰ እና በ እንደ ልማዳቸው ተቀያየሩብኝ፤ ስሳሳት እመለሳለሁ፣ እመለሳለሁ። አቶ መኩሪያ ሰዓቱን ያያል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አሳለ። ደወል ተደወለ፣ ተማሪው ገባ፣ የምሳ ደወልም ተደወለ። ስንሻው ሂድ ቢባልም ልጁን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ «መምህርት እስኪጨርሱ እቆያለሁ» አለ። በሕይወቴ ሰው እያየኝ እንዲህ ቀስ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ፊቴ ይነዳል፤ ጣቴን ግን አላነሳሁም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። «ተማሪዋ በሰጠችው የሐሰት መረጃ ምክንያት ወላጅ ተጠርቶ…»

«ይህ ይሰረዛል» አልሁ። «ልጅቷ የሐሰት መረጃ አልሰጠችም። ‘በኮሚቴው የንባብ ስሕተት ምክንያት’ ተብሎ ይጻፍ።»

«መምህርት፣ አንዲት ቃል ናት። ምን ለውጥ ታመጣለች?»

«ቅድምም አንዲት ፊደል ነበረች።»

ከዚያ በታች ደግሞ ስለ እኔ ጽፏል፤ «መምህርቷ የማንበብ ችግር ያለባት መሆኑን በራሷ አንደበት አምናለች።» አነበብሁት። «ይህኛው ይቆይ፣ እውነት ነው» አልሁ። አቶ መኩሪያ የቀድሞውን መስመር ሰርዞ፣ ከላዩ «በኮሚቴው የንባብ ስሕተት» ብሎ በእጁ ጻፈ። እሱንም በጣቴ አንድ በአንድ አነበብሁት። ከዚያ ፈረምሁ።

ዋጋውን ከፍያለሁ። ከአማርኛ አንስተው አንድ ሴሚስተር ስፖርትና ሥዕል አስያዙኝ። አቤቱታ ጻፍሁ፤ ብዙ ቀን ፈጀብኝ፣ ግን ራሴ ጻፍሁት። እንጅባራ ድረስ ተመላለስሁ። የብርቄ ክፍል ውጤት ሲታይ፣ የወላጆች ፊርማም ሲጨመር፣ መለሱኝ። አሁን በየዓመቱ መጀመሪያ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፦ ፊደል ይገለባበጥብኛል፣ ሰሌዳ ላይ ስሕተት ያየ እጁን ያውጣ። እጅ በእጅ ላይ ይረባረባል። እንዲህ ዓይን ተክለው የሚያነቡ ልጆች ሌላ ክፍል አላየሁም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ቀይ እስክሪብቶ የያዛችሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጅ ሲሳሳት ከማስመራችሁ በፊት ምን ሊል እንደፈለገ ጠይቁት። «ድንጋይ» ያላችሁት ልጅ የሰማውን በትክክል ጽፎ ሊሆን ይችላል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አማርኛ የማስተምረው ችግሬ እያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ብርቄን ያገኘኋት ግን በችግሬ ነው፤ በፍጥነት የሚያነቡት አላገኟትም። ይህን ሳስብ ደስ አይለኝም፣ እናደዳለሁ። እኔን መሳይ ስንቱ ልጅ ነው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ተስቆበት፣ ደብተሩን ጥሎ የቀረ?

ስንሻው ቆላ አልተመለሰም፤ እዚሁ ዳንግላ ጋሪ ይነዳል። ያን ቀን በግቢው የነበሩት ሁሉ ታጅቦ ሲገባ እንጂ ቃለ ጉባኤው ሲታረም አላዩም። ባለፈው ወር አንዲት ሴትዮ ጋሪው ላይ ልትወጣ ስትል ሌላዋ ክንዷን ይዛ «ተይው፣ እሱ እኮ ሚስቱን ሲመታ የተያዘው ነው» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። እሱም ሰምቷል፤ ፈረሱን አዙሮ ሄደ።

አቶ መኩሪያ፣ ይህን የሚያነቡት ከሆነ፣ ይቅርታው ዛሬም አልረፈደም። ሲፈልጉ ይምጡ፤ ቤቱን እኔ አሳይዎታለሁ።